የቡና ለቀማ፣ የገበያ ቀንና የስም መጥሪያ፦ ጅማ ዙሪያ አካባቢው የሚያስተምረውን ከክፍል ትምህርት ጋር እንዴት እናገጣጥም?

መምህርት_ጎማ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በጅማ ዞን በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ ወረዳዎች ያሉ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ይመለከታል፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል። በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከትምህርት የሚቀረው ልጅ ይበዛል። ወላጅ ይጠራል፣ ይመከራል፣ ይፈርማል፣ በማግስቱ ልጁ ደግሞ ይቀራል። ቀይ እሸት (የበሰለው የቡና ፍሬ) ቀጠሮ አያውቅም፤ በጊዜው ካልተለቀመ ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ለብዙ ቤት ደግሞ የዓመት ልብስ፣ ደብተርና የታመመ ማሳከሚያ ከዚያ ነው የሚወጣው።

ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። ያው ልጅ የጥላ ዛፉን በቅጠሉ ይለያል፣ ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) አራግፎ በድምፁ መድረቁን ያውቃል፣ ቀፎ የት እንደሚሰቀል ያውቃል። ክፍል ሲገባ ይህን የሚጠይቀው የለም።

ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የቀሪው ምክንያት የትኛው እንደሆነ የሚለይበት መንገድ። ሁለተኛ፣ የአካባቢውን ሥራ ወደ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስገባ ልክ ያለው ትምህርት። ሦስተኛ፣ ያለ በጀት የሚሠራ መርጃ መሣሪያ። መጠኑንና የሚበላሽበትን ቦታ ብትጽፉልኝ።

መዝገብ_ቤት

መምህርት፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። የሁለት ዓመት የስም መጥሪያ ያውጡ። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን የትምህርት ቀን በአንድ መስመር ያስፍሩ፤ ከጎኑ የቀሪ ብዛት፣ የክፍሉ ጠቅላላ ተማሪ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ። ቁጥሩን ወደ መቶኛ ይለውጡ፤ ከ60 ልጅ 15 ቢቀር 25 በመቶ ነው፣ ከ40 ልጅ 15 ቢቀር ግን 37.5 በመቶ ነው። ክፍልን ከክፍል ማወዳደር የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚያ በአራት ቀለም ምልክት ያድርጉ፦ የገበያ ቀን፣ ከባድ ዝናብ የጣለበት ቀን፣ የለቀማ ሳምንታት፣ የጾምና የበዓል ቀናት። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ስለሚቀድም የዘንድሮውን ቦታ ለከርሞ መገልበጥ አይቻልም።

እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ ቅርጽ አለው፤ ሰንጠረዡ ሲሞላ በዓይን ይታያል።

የገበያ ቀን ቀሪ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ብቅ ብሎ በማግስቱ ይጠፋል። የለቀማ ቀሪ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የወንዝ ሙላት ከአንድ መንደር የሚመጡትን ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ያስቀራል፤ ከሌላው መንደር አንድም አይጎድልም። የወባ ቀሪ ደግሞ አንዱን ልጅ ለተከታታይ ቀናት ያስቀርና ልጁ ገርጥቶ ይመለሳል። ክረምት ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባ ጊዜ ስለሆነ ከለቀማው ጋር ይደራረባል። ብዙ ትምህርት ቤት ሁለቱን አንድ አድርጎ «ቡና ሄደ» ይላል። ወባ የያዘውን ልጅ ወላጅ ጠርቶ መገሠጽ ትልቅ በደል ነው።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ስም መጥሪያው አርብ ዕለት በአንድ ጊዜ ከተሞላ ቅርጹ ሁሉ ይጠፋል። ያንን ለማወቅ የቀለሙን ዓይነት ይዩ፤ አምስቱ ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ግፊት ከተጻፈ ያንን ሳምንት ከሒሳቡ ያውጡት።

ጥላ_ዛፍ

የለቀማው ጊዜ በዞኑ ሁሉ አንድ አይደለም። በየ100 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። 1,400 ሜትር ላይ ያለ ማሳና 2,000 ሜትር ላይ ያለ ማሳ የ3.6 ዲግሪ ልዩነት አላቸው ማለት ነው፤ ዝቅተኛው ቀድሞ ይቀላል፣ ከፍተኛው እስከ ጥር ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ በወረዳ ደረጃ አንድ «የለቀማ ሳምንት» ብሎ መወሰን ግማሹን ትምህርት ቤት ይስታል። ልጆቹ የራሳቸውን ቀበሌ ይመዝግቡ፦ አምስት ዛፍ መርጠው በክር ምልክት አድርገው፣ በየሰኞው በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ስንት አረንጓዴ፣ ስንት ቢጫ፣ ስንት ቀይ እንዳለ ይቁጠሩ። ቅርንጫፉ ሁልጊዜ ያው መሆን አለበት፤ ልጅ ሁሌም ወደ ቀዩ ቅርንጫፍ ስለሚሄድ ክሩ የግድ ነው።

ለሒሳብ ደግሞ ተከላ ጥሩ ነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር የተተከለ ቡና አንዱ እግር 4 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ 10,000 ለ4 ሲካፈል በሔክታር 2,500 እግር። 2.5 በ2.5 ከሆነ 6.25 ካሬ ሜትር ይይዛል፣ 1,600 እግር ይሆናል። ግማሽ ሜትር ብቻ ተጨምሮ 900 እግር ለምን እንደቀነሰ ጠይቋቸው፤ የስፋት ትምህርት በዚህ ይገባል። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲሜትር ሲሆን 0.216 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል፤ 100 ጉድጓድ 21.6 ሜትር ኩብ ነው።

ማሳው ላይ ያለው ዝርያ ራሱ ታሪክ ይዟል። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከዚያ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ተፈልገው ተመረጡ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ከእነዚያ ናቸው፣ መነሻው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የዚህ ሥራ ዋና ቦታ ነው። ልጁ በቤቱ «ሰባ አራት» እያለ የሚጠራው ዛፍ ቀን ያለው መሆኑን ሲያውቅ ታሪክ ሩቅ አይሆንበትም።

አዲስ_ሒሳብ

ጥላ ዛፍ እናመሰግናለን። የክብደት ለውጡን ጨምርበት፤ 3 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ (የተፈለፈለ) ቡና ይሰጣል፣ ለመጠን ንጽጽር ምቹ ነው።

ጥላ_ዛፍ

እዚህ ላይ ላርምህ ወንድሜ፤ ክፍል ውስጥ ከገባ ልጆቹ ራሳቸው ያርሙሃል። 3 ኪሎ አካባቢ የሚሆነው ከእሸት ወደ ጀንፈል ነው፣ እሱም ቢሆን ወደ 2.5 ይጠጋል። ከእሸት ወደ ንጹሕ ቡና ከ5 እስከ 6 ኪሎ ለ1 ነው።

ከዚህ ይልቅ ያለውን ወጥመድ ተጠቀምበት። ቀይ እሸት 65 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው እንበል፤ ደርቆ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ 10 ኪሎው ስንት ይሆናል? አብዛኛው ተማሪ 65 ሲቀነስ 12፣ 53 በመቶ ቀነሰ፣ 4.7 ኪሎ ቀረ ይላል። ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ የማይለወጠውን መያዝ ነው፦ ከ10 ኪሎው 3.5 ኪሎ ደረቅ ነገር አለ፤ ያ 3.5 ኪሎ በጀንፈሉ ውስጥ 88 በመቶ ነው፤ 3.5 ለ0.88 ሲካፈል 3.98 ኪሎ። 60 በመቶ ገደማ ነው የቀነሰው። ሲፈለፈል ደግሞ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይሄዳል።

በተግባር ለማየት 2 ኪሎ እሸት ይበቃል። መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፣ የተንሳፈፈውን ለዩ፤ ባዶ ወይም በተባይ የተበላ ፍሬ ነው። የሰመጠውን መዝናችሁ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት አስጡት፤ በየቀኑ ደጋግማችሁ አገላብጡት፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ሸፍኑት። በየሁለት ቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘን። እንደ አየሩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ግራፉ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ በኋላ ይተኛል፤ ያ የተኛው መስመር ነው ደረቀ የሚባለው። ከወፈረ ይሻግታል። ጠዋት ጤዛ ሳይነሳ ከተመዘነ ደግሞ ክብደቱ ጨምሮ ይታይና ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል።

ሁለት_ቋንቋ

ሰው ሁሉ ወደ ቁጥሩ ሄደ። ቋንቋውን ካልያዝን ግን ቁጥሩም አይገባም። በኦሮሚያ ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ጅማ ከተማ ላይ አማርኛ በቤቱ የሚናገር አለ፤ በዞኑና በአጎራባች አካባቢዎች የም፣ ዳውሮና ካፋ የሚናገር አለ። ይህ ቅልቅል ድንገት አልመጣም፤ ሕርማታ በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ከየአገሩ ነጋዴ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ ጅማ ከተማ ያደገው በዚህ ገበያ ዙሪያ ነው።

የምመክረው ባለ አራት ዓምድ ደብተር ነው፦ የቤት ስም፣ የአማርኛ ስም፣ የመጽሐፉ ስም፣ ሥዕል። ለምሳሌ ወዴሳ፣ ዋንዛ። በከኒሳ፣ ብሳና። በሳምንት ከአምስት ዛፍ በላይ አታስገቡ። ቅጠሉ በወረቀት መካከል ተጭኖ ይድረቅ፤ ወረቀቱን በሁለተኛው ቀን ካልቀየራችሁት ቅጠሉ ይጠቁራል።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንዱ፣ መምህሩ የቤቱን ስም «ትክክለኛው አይደለም» ሲል ነው፤ ልጁ ከዚያ በኋላ አፉን ይዘጋል። ሌላው፣ አንድ የቤት ስም በሁለት ቀበሌ ለሁለት ዛፍ ሲውል ነው። ሥዕሉና ቅጠሉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ክርክሩን ቅጠሉ ይፈታዋል።

ሌላ የማይታይ ዕውቀት አለ። እዚህ ብዙ ልጅ መደበኛ ትምህርት ሳይጀምር ቁርኣን ቤት ገብቷል። ፊደል ከድምፅ ጋር ማያያዝ፣ በቃል መያዝ፣ ከታላቁ አፍ ሰምቶ መድገምና መታረም ለምዶ ነው የሚመጣው። 1ኛ ክፍል ላይ «ምንም የማያውቅ» ተብሎ መቆጠር የለበትም። በሌላ በኩል ደግሞ ከትምህርት በኋላ ያለው ጊዜ በቁርኣን ቤት ስለሚያዝ የቤት ሥራ ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ ማድረግ ተገቢ ነው። ከኡስታዙ ጋር ተነጋግሮ ሰዓት መለየት ወላጅ ከመጥራት ይልቅ ይሠራል።

ሚሊ_ሜትር

መርጃ መሣሪያ ለተባለው፦ የዝናብ መለኪያ። ግድግዳው ቀጥ ያለ የ2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ወገቡ የሚጠበውን ተዉት። አናቱን ትከሻው ከሚጀምርበት በታች ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ክተቱበት፤ ትነት ይቀንሳል። የጠርሙሱ ታች ጎድጎዳ ስለሆነ ጠጠር ጨምራችሁ ውኃ እስከ ቀጥታው ግድግዳ ድረስ ሙሉ፤ እዚያ ላይ የዜሮ መስመር ይሰመር። ከዚያ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር።

ንባቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ የተነበበውም ባለፈው ቀን ስም ይጻፋል። ከንባብ በኋላ ውኃው ወደ ዜሮ መስመር ይመለስ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፣ ሲረሳ የሁለት ቀን ዝናብ ይደመራል። ቦታው ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ይራቅ። ከቡና ጥላ ሥር ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ቅጠሉ ግማሹን ይይዘዋል፣ ከቆመ በኋላም ያንጠባጥባል።

ማስመሪያውን ከተጠራጠራችሁ በመርፌ ሲሪንጅ ለኩት። የተቆረጠው አፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ (ዲያሜትሩ) 10 ሳንቲሜትር ከሆነ ስፋቱ 78.5 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 7.85 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

ይህ ከጣሪያው ጋር ሲያያዝ ልጆቹ ይነቃሉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 8 በ7 ሜትር የሆነ የክፍል ቆርቆሮ 56 ካሬ ሜትር ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,120 ሊትር፣ የሚፈሰውንና የሚረጨውን 20 በመቶ ቀንሱ፣ 896 ሊትር። አሸንዳና በርሜል መግዛት ይገባ እንደሆነ ልጆቹ በራሳቸው ቁጥር ለወላጅ መምህር ኅብረት ያቅርቡ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውኃ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ።

ስለ ቆርቆሮ ካነሣን፦ ጅማ ላይ ዝናብ ሲጥል ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ የመምህር ድምፅ አይሰማም። ዝናቡ በየትኛው ሰዓት እንደሚበዛ አንድ ወር መዝግባችሁ በዚያ ሰዓት የጽሑፍና የሥዕል ሥራ መድቡ፤ ንባብና ቃለ መጠይቅ ወደ ሌላው ሰዓት ይሂድ። ምንም ወጪ የለውም።

ማኅበረሰብ_ጤና

ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ መረጃ ስትሰበስቡ አንድ የምታውቁት መንገድ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ቀበሌ የሚያወጣበት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ቅደም ተከተሉ ለናንተም ይሠራል፦ መጀመሪያ ችግሩን መለየት፣ ከዚያ ከነዋሪው ጋር ቅድሚያ መስጠት፣ ማቀድ፣ መሥራት፣ መገምገም። ለ7ኛ ክፍል ልጆች ከአንድ ጎጥ 15 ቤት ይበቃል፤ ከስድስት ጥያቄ አይብለጥ።

ሰዓቱን አስቡበት። ጠዋት የሄደ ሰው ባዶ ቤት ያገኛል። የቡና ሰዓት ላይ የሄደ እናቶችን ያገኛል፤ ወንዶቹን ብቻ በዕድር ስብሰባ ላይ የጠየቀ ውኃ ማን እንደሚቀዳና ሴት ልጅ ለምን እንደምትቀር አይሰማም። ያገኛችሁትን ደግሞ መልሳችሁ ንገሯቸው፤ በትልቅ ወረቀት በሥዕል አድርጋችሁ ለአገር ሽማግሌዎችና ለእናቶች አሳዩ። ጠይቆ የጠፋ በሚቀጥለው ዓመት በር አይከፈትለትም፤ ልክም ናቸው።

ዩሪ ብሮንፈንብሬነር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር የልጅን አካባቢ በተነባበሩ ክበቦች ይከፍለዋል፦ ቤትና ክፍል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት፣ ልጁ ሳይገኝበት ኑሮውን የሚነካው ነገር፣ ከሁሉም ውጭ ባህልና ሕግ። ለቡና አካባቢ ሦስተኛው ክበብ ከባድ ነው። የቡና ዋጋ ኒውዮርክ ላይ ይወርዳል፣ አጋሮ ላይ የእሸት ዋጋ ይወርዳል፣ አባት ሠራተኛ መቅጠር ትቶ ልጁን ያስቀራል። ዋጋው ሲወጣ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለማውጣት ስለሚሯሯጥ ልጁ ያኔም ይቀራል። በዋጋ ብቻ ቀሪውን መተንበይ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ መዝገብ ቤት ባለው ሰንጠረዥ ላይ የእሸቱን የሳምንት ዋጋ በአንድ ዓምድ ጨምሩበት።

ሕግ_አዋቂ

ጥንቃቄ ልጨምር። ለቀማን ትምህርት ማድረግና ተማሪን ለለቀማ ማሰማራት አንድ አይደሉም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ትምህርት ቤት ልጆችን ይዞ የሰው ማሳ ላይ ማስለቀም፣ ገቢው ለትምህርት ቤቱ ቢሆንም እንኳ፣ መደረግ የለበትም። ለመለካት 2 ኪሎ በቂ ነው ተብሏል፤ እዚያ ላይ ይቁም። ፀረ አረም የተረጨበት ማሳ አትግቡ፣ ጠባቂውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከባድ ኬሻ በትንሽ ልጅ ጀርባ ሲታይም ዝም አይባል።

መምህርት_ጎማ

እግዜር ይስጥልኝ፤ እያንዳንዱን እየገለበጥኩ ነው። አንድ የቀረኝ አለ። በቤተሰቡ ማሳ ላይ ለመሥራት የሚቀረው ልጅ፣ ምንም ብናደርግ፣ ጥቂት ቀን ይቀራል። የጎደለውን እንዴት ይሙላ? የትምህርት ካላንደሩን የሚወስነው እኛ አይደለንም።

መዝገብ_ቤት

ካላንደሩን አትነኩም፤ የምዕራፎችን ቅደም ተከተል ግን በትምህርት ክፍል ደረጃ ተነጋግራችሁ ማዘዋወር ትችላላችሁ። ምዕራፎቹን በሁለት ክፈሉ። አንዱ ሰንሰለት ነው፦ ክፍልፋይ ያመለጠው አስርዮሽ አይገባውም፣ አስርዮሽ ያመለጠው መቶኛ አይገባውም። ሌላው ራሱን የቻለ ነው፦ ልኬት፣ የአካባቢ ዕፅዋት፣ ካርታ ማንበብ፣ መረጃ በግራፍ ማሳየት። ሰንሰለቱን ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ጀምሩና ከጥር ቀጥሉበት፤ ራሱን የቻለውን በለቀማው መካከል አስገቡ። አንድ ቀን ቢያመልጥ የሚጎድለው ያ ቀን ብቻ ይሆናል። በኅዳር የሚሰጥ ፈተና ካለ ከሰንሰለቱ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ከተሸፈነው ብቻ ይውጣ።

ሁለት_ቋንቋ

ለጎደለው ማሟያ አገሩ ራሱ መንገድ አለው። «ዳቦ» (በአማርኛ ደቦ) ብዙ ሰው ተጠርቶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ዳዶ ግን ጥቂት ቤቶች ቀን በቀን፣ በተራ፣ እኩል የሚመላለሱት ሥራ ነው። ልጆቹ ያውቁታል። አምስት አምስት አድርጋችሁ በመንደራቸው አቧድኗቸው፤ ቤታቸው ካልተቀራረበ አይሠራም። አንዱ ሲቀር ሌላው የዕለቱን ማስታወሻ ይገለብጥለታል፣ ማታ አድርሶ አንድ ምሳሌ አብሮ ይሠራል፤ ቀሪው ሲመለስ ውለታውን በተራው ይከፍላል። የተራው ዝርዝር በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ካልተለጠፈ መገልበጡ ሁሉ በአንዲት ጎበዝ ልጅ ላይ ይወድቃል፤ እሷ ደግሞ ቤት ስትገባ ውኃ የምትቀዳውም ናት። መምህሩ አርብ አርብ የሁለት ልጅ ደብተር ብቻ ይይ፤ ሁሉን ለማየት ከሞከረ በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል።

አዲስ_ሒሳብ

ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ ጥላ ዛፍ፤ 3.98ቱን ሠርቼ ደረስኩበት። ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥያቄ፦ ጠርሙሱን ፍየል ትገለብጠዋለች፣ ልጆችም ይነካኩታል። ምን ይደረግ?

ሚሊ_ሜትር

ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ እንጨት ትከሉ፣ ጠርሙሱን በሁለት ቦታ በላስቲክ ገመድ እሰሩት፤ አፉ ከእንጨቱ ጫፍ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ይብለጥ፣ አለዚያ እንጨቱ ላይ የሚረጨው ይገባበታል። ዙሪያውን በእሾህ ቅርንጫፍ አጥሩ፣ አጥሩ ግን ከእንጨቱ ወገብ አይለፍ። ንባቡን ለአንድ ክፍል በሳምንት ተራ ስጡ፤ ሁለት ልጅ ያንብብ፣ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይጻፉ። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ አብረው ደግመው ያንብቡ። የዘነበ ሳይኖር «0» መጻፉን አትርሱ፤ ባዶ የተተወው ቀን አልዘነበም ወይስ አልተነበበም የሚለውን በሰኔ ማንም አያስታውሰውም።